ሥራና ኮሌጅ ሲያመለክቱ ስለ ወንጀል ሪከርድ ቢጠየቁስ? በአሜሪካ ለምንኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሥራ ወይም የኮሌጅ አፕሊኬሽን እየሞሉ አንድ ጥያቄ ጋ ሲደርሱ እጃቸው የሚቆም ብዙ ወገኖቻችን አሉ። «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ይላል ጥያቄው። አንዱ ፈርቶ ይዋሻል። ሌላው ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘከዝካል። ሌላው ደግሞ ፎርሙን እንዳለ ትቶት ይነሳል። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ማንም ሳይከለክለው ራሱን ከለከለ።

ከዚህ በታች ያሉት ከቅዳሴ በኋላ፣ ካፌ ውስጥ፣ በስልክም ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላይ አተኩሬያለሁ፤ ሌላ ስቴት ለሚኖሩም የሚሆን አለበት። «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእርስዎን ኬዝ አይቶ የሚመክር ጠበቃን አይተካም።

«ሪከርድ አለብኝ» የሚባለው መቼ ነው?

ሦስት ነገሮችን እንለይ። በፖሊስ መያዝ አንድ ነው። መከሰስ ሌላ ነው። ጥፋተኛ ተብሎ መፈረድ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ስናወራ ሦስቱን እንደባልቃቸዋለን፤ ፎርሙ ግን ለይቶ ነው የሚጠይቀው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ቀስ ብለው ያንብቡት። «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» የሚል ከሆነ ተይዘው የተለቀቁበት፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የተወው ወይም ፍርድ ቤት ነፃ ያወጣዎት ጉዳይ አይቆጠርም። መልሱ «አይ» ነው። ይህ ውሸት አይደለም። ባልና ሚስት ተጨቃጨቁ እንበል። ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። አንዱ በካቴና ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ክሱ ተነሣ። ይህ ሰው አልተፈረደበትም፤ የተጠየቀውም ስለ ፍርድ ነው።

ጥያቄው «ፌሎኒ» (ከባድ ወንጀል) ብቻ ካለ ሚስዲሚነር (ቀለል ያለ ወንጀል) መጻፍ አይጠበቅብዎትም። «ባለፉት 7 ዓመታት» ካለ ከዚያ በፊት የሆነውን አይቁጠሩ። የተጠየቁትን በትክክል ይመልሱ፤ ያልተጠየቁትን አይጨምሩ። ይህን ለማድረግ ግን ኬዝዎ በምን እንዳለቀ ማወቅ አለብዎት። ፍርድ ቤቱ ሄደው የውሳኔውን ወረቀት ማኅተም ያለበት ኮፒ ያውጡ። ከዚያ በኋላ በግምት አይሞሉም።

አንድ ቀን እስር ቤት አላደርኩም። ቅጣት ከፍዬ ወጣሁ። ሪከርድ አለብኝ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መፈረድ ማለት መታሰር ማለት አይደለም። ፍርድ ቤት ቆመው «ጊልቲ» (ጥፋተኛ ነኝ) ብለው፣ ገንዘብ ከፍለው ወይም ፕሮቤሽን (ከእስር ውጪ የክትትል ጊዜ) ተሰጥቶዎት ከሄዱ ብዙውን ጊዜ ተፈርዶብዎታል።

ሜሪላንድ ውስጥ ፒቢጄ የሚባል ነገር አለ። ዳኛው ፍርዱን ሳይጽፍ ፕሮቤሽን ይሰጣል። በስቴቱ ሕግ ይህ እንደ ፍርድ አይቆጠርም። ስለዚህ አሠሪ «ተፈርዶብሃል ወይ?» ሲል መልሱ «አይ» ነው። ኢሚግሬሽን ግን የራሱ ትርጉም አለው። ጥፋትን ማመንና አንድ ዓይነት ቅጣት ወይም ገደብ አብረው ከመጡ እንደ ፍርድ ሊቆጥረው ይችላል። ዜግነት ከሌለዎት ይህን ልዩነት አቅልለው አይዩት።

የትራፊክ ቲኬትስ?

የፓርኪንግና የተለመደው የፍጥነት ቲኬት በአብዛኛው ቦታ እንደ ወንጀል አይታይም። ሰክሮ መንዳት ግን፣ ዲዩአይም ይባል ዲደብሊውአይ፣ በአብዛኛው ስቴት ወንጀል ነው።

ለታክሲ፣ ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮቻችን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ማለፍ፣ ወይም የትም ቦታ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ «ሬክለስ ድራይቪንግ» ነው። ይህ ተራ ቲኬት አይደለም። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ወረቀቱ ሲታይ ግን ቲኬት ይመስላል። ከሜሪላንድ ተሻግሮ በአይ-95 አውራ ጎዳና ሲበር የተያዘ ሰው በኦንላይን ከፍሎ ሊገላገለው ይፈልጋል። እባክዎ እንዲህ ያለ ወረቀት ከደረሰዎት ጠበቃ ሳያማክሩ አይጨርሱት። ብዙ ጊዜ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ የሚልበት መንገድ አለ።

አሠሪ ገና አፕሊኬሽኑ ላይ ሊጠይቀኝ ይችላል?

የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ቦታ ይወስነዋል።

ዲሲ ውስጥ ከ10 ሠራተኛ በላይ ያለው አሠሪ በአፕሊኬሽኑም በኢንተርቪውም ላይ መጠየቅ አይችልም። መጀመሪያ «ቀጥረንሃል፣ ባክግራውንድ ቼክ (ያለፈ ታሪክ ማጣራት) ብቻ ይቀራል» ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ፍርድ የሚጠይቀው። ሳይፈረድበት ስለተዘጋ ጉዳይ ደግሞ በምንም ጊዜ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ሕጉ የወጣው በ2014 ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የመጀመሪያው የፊት ለፊት ኢንተርቪው እስኪደርስ መጠየቅ አይችልም። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከስቴቱ የጠበቀ ሕግ አለው። እዚያ ጥያቄው የሚመጣው ሥራው ከተሰጠ በኋላ ነው።

ቨርጂኒያ ደከም ትላለች። ለመንግሥት ሥራ፣ በስቴትም በከተማም ደረጃ፣ አፕሊኬሽኑ ላይ መጠየቅ ቀርቷል። የግል ኩባንያን የሚከለክል የስቴት ሕግ ግን የለም። አሌክሳንድሪያ ያለ ሆቴል ከመጀመሪያው ገጽ ሊጠይቅዎት ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ ያለው ሆቴል ግን አይችልም።

የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከሆነ በ2019 የወጣና ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ከእነሱ ጋር ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች ለዚያ ሥራ ሲቀጥሩ ሥራውን ሳይሰጡ በፊት መጠየቅ አይችሉም። በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ በጽዳት፣ በካፍቴሪያና በፓርኪንግ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ምስጢራዊ መረጃ የሚነካባቸውና የሕግ አስከባሪ ሥራዎች ከዚህ ውጪ ናቸው።

ሚኒሶታ የግል አሠሪዎችን ከ2014 ጀምሮ ከልክላለች። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት በ2018 ተከትለዋል። ኮሎራዶ በ2019 ጀምራ ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ትናንሽ አሠሪዎችንም ጨምራለች። ስለዚህ ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትልና ዴንቨር ያላችሁም ሕጉ ከጎናችሁ ነው።

እነዚህ ሕጎች ለምን ወጡ? ለእኛስ ምን አገባን?

የመጀመሪያዋ ስቴት ሃዋይ ነች፤ በ1998። ነገሩን በመላ አገሪቱ ያንቀሳቀሱት ግን ራሳቸው እስር ቤት የነበሩ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ «ኦል ኦፍ አስ ኦር ነን» የሚባል ድርጅት መሥርተው «ሳጥኑን አንሱ» የሚለውን ዘመቻ ጀመሩ። ሳጥኑ ማለት ፎርሙ ላይ ምልክት የሚደረግበት ነው። የጠየቁት አሠሪው ፈጽሞ እንዳይጠይቅ አልነበረም። መጀመሪያ ሰውየውን ይየው፤ ከዚያ ይጠይቅ ነው ያሉት።

ለእኛ ምን አገባን ለሚለው ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ዴቫ ፔጀር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ወጣቶችን ሥራ እንዲያመለክቱ ላከች። ውጤቱ በ2003 ወጣ። ሪከርድ የሌለባቸው ነጮች 34 በመቶ ተመልሶ ተደወለላቸው። ሪከርድ አለብን ያሉ ነጮች 17 በመቶ። ሪከርድ የሌለባቸው ጥቁሮች 14 በመቶ። ሪከርድ አለብን ያሉ ጥቁሮች 5 በመቶ። ምንም ያላጠፋው ጥቁር፣ ተፈርዶብኛል ካለው ነጭ ያነሰ ዕድል አገኘ። ይህን ቁጥር ባየሁት ቁጥር ልቤ ያዝናል። አሠሪው ደጃፍ ላይ ስንቆም ኢትዮጵያዊ ነን ብለን ከዚህ አናመልጥም።

ሐቁን ሙሉ ለሙሉ ለመናገር ሕጉም ችግር አለበት። አማንዳ ኤጋንና ሶንያ ስታር በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ሲቲ ወደ 15,000 የሚጠጉ የሙከራ አፕሊኬሽኖች ልከው ነበር። ሳጥኑ ከተነሣ በኋላ ሳጥን በነበራቸው ድርጅቶች በነጭና በጥቁር አመልካቾች መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ። አንዳንድ አሠሪ መጠየቅ ሲከለከል ከስሙ ተነሥቶ ይገምታል ማለት ነው። የእኔ አቋም ግን አልተለወጠም። ጥፋቱ የሚገምተው ሰው ነው። መፍትሔው ሳጥኑን መመለስ አይመስለኝም፤ በዘር የሚያበላልጠውን መክሰስ ነው።

«አዎ» ካልኩ ሥራው አለቀ ማለት ነው?

አይደለም። የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑ፣ ኢኢኦሲ፣ በ2012 ባወጣው መመሪያ አሠሪው ሦስት ነገር እንዲያይ ይላል። ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ ነበር? ስንት ጊዜ አለፈው? ከሥራው ጋርስ ይገናኛል? በ2011 ሰክሮ የነዳ ሰው በ2025 ለሂሳብ ሥራ ቢያመለክት ጥፋቱና ሥራው አይገናኙም። ይህ መመሪያ ነው፣ በራሱ ሕግ አይደለም። ዲሲና ካሊፎርኒያን የመሰሉ ቦታዎች ግን ተመሳሳይ ነገር በሕጋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ዲሲ ውስጥ አሠሪው የሰጠውን ሥራ ሪከርድ አይቶ ሲመልስ ከሥራው ጋር የተያያዘ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ማብራሪያ እንዲጽፉ ቦታ ከተሰጠዎት አጭር ያድርጉት። ያገራችን ሰው ሲያስረዳ ከአያት ከቅድመ አያት ይጀምራል። እዚህ አይጠቅምም። አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እንዲህ ያለ፦

«በ2016 በቨርጂኒያ ሰክሮ በመንዳት ተፈርዶብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጣቱንና ፍርድ ቤት ያዘዘውን ትምህርት በ2017 ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ምንም ኬዝ የለብኝም። ላለፉት ስድስት ዓመታት በአንድ ድርጅት በሱፐርቫይዘርነት እየሠራሁ ነው።»

በቃ። ዳኛውን አይውቀሱ። የቀድሞ ሚስትዎን አይውቀሱ። ከተቻለ ከአለቃዎ፣ ከካህን ወይም ከኢማም፣ ከበጎ ፈቃድ ሥራ አስተባባሪ የድጋፍ ደብዳቤ ያያይዙ።

ብዋሽ ማን ያውቃል?

ያውቃሉ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች «ኬዝ ሰርች» የሚባለው ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለው። አሠሪው ስምዎን አስገብቶ በደቂቃ ያያል። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» ብለው ፈርመዋል። ከዓመታት በኋላም ቢደረስበት ያስባርራል። ጥፋቱን ይቅር የሚል አሠሪ ብዙ አለ። ውሸቱን ግን አብዛኛው አያልፍም።

ባክግራውንድ ቼኩ የማላውቀው ወንጀል ይዞብኝ መጣ። ምን ላድርግ?

ይህ እኛን በተለየ ይጎዳናል። ቼኩን የሚሠሩት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በስምና በትውልድ ቀን ያዛምዳሉ። የእኛ ስም አጻጻፍ ደግሞ ወጥ አይደለም። ተስፋዬ በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። «ገብረ» የሚለው አንድ ቦታ ተነጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተያይዞ ይመጣል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ይመዘገባል፤ ስለዚህ «አበበ» የሚል የመጨረሻ ስም ያላቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጡ ብዙዎች ደግሞ የትውልድ ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጽፏል። ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ቀን ሲገናኝ የሌላው ሰው ኬዝ በእርስዎ ስም ሊወጣ ይችላል።

መብትዎ ግን ግልጽ ነው። ከ1970 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ይላል። አሠሪው ቼኩን ከውጭ ድርጅት ሲያሠራ በጽሑፍ ፈቃድዎን መጠየቅ አለበት። በሪፖርቱ ምክንያት ሊከለክልዎት ሲያስብ፣ ከመከልከሉ በፊት፣ የሪፖርቱን ኮፒና የመብትዎን ማብራሪያ መስጠት አለበት። ስህተት ካለ ሪፖርቱን ለሠራው ድርጅት በጽሑፍ ይቃወሙ። በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም አለበት። ከተከለከሉ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቁ ሪፖርቱን በነፃ ይሰጥዎታል።

ሥራ ፍለጋ ከመጀመርዎ በፊት የራስዎን ሪከርድ አስቀድሞ ማየትም ይቻላል። ኤፍቢአይ በአሻራ 18 ዶላር አስከፍሎ ይሰጣል። የተጻፈብዎትን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ስንት ዓመት ወደኋላ ያያሉ?

በፌዴራል ሕግ ሪፖርት አቅራቢ ድርጅት ከ7 ዓመት በላይ የሆነውን፣ ያልተፈረደበትን መያዝ ማውጣት አይችልም። የሥራው ደመወዝ በዓመት 75,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይህ ገደብ አይሠራም። የተፈረደበት ጉዳይ በፌዴራል ሕግ የጊዜ ገደብ የለውም። ካሊፎርኒያ ግን ለፍርድም 7 ዓመት አድርጋዋለች።

ሪከርዴን ማሰረዝ እችላለሁ?

ሊቻል ይችላል። ብዙ ሰው ሳያመለክት መቅረቱ ያንገበግበኛል።

ሜሪላንድ ውስጥ ያልተፈረደባቸው ክሶች፣ የተነሡም ነፃ የተባለባቸውም፣ ይሰረዛሉ። ከኦክቶበር 2021 ወዲህ የተከፈቱትና በዚህ ዓይነት ያለቁት ከሦስት ዓመት በኋላ ራሳቸው እንዲሰረዙ ሕጉ ያዛል። የቆዩት ግን እርስዎ ካላመለከቱ እዚያው ኬዝ ሰርች ላይ ይቀመጣሉ። አንዳንድ ፍርዶችም የተወሰነ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ይሰረዛሉ። ሰክሮ የመንዳት ፍርድ ግን አይሰረዝም። ቨርጂኒያ ለረጅም ጊዜ የምትሰርዘው ያልተፈረደበትን ክስ ብቻ ነበር። በ2021 የወጣው ሕግ ለአንዳንድ ፍርዶችም መንገድ ከፍቷል።

አንዴ ከተሰረዘ የሜሪላንድ ሕግ ቁርጥ ያለ ነው። አሠሪም ሆነ ትምህርት ቤት የተሰረዘውን ክስ እንዲናገሩ ሊያስገድድዎት አይችልም። የስረዛ ትእዛዙን ወረቀት ግን አይጣሉት። የግል ድርጅቶች መዝገብ ላይ አሮጌው መረጃ ሳይነሣ ሊቆይ ይችላል። ኢሚግሬሽንም ይፈልገዋል።

የተሰረዘውን ኢሚግሬሽን ለምን ይፈልገዋል?

የዜግነት ፎርሙ፣ ኤን-400፣ የሚጠይቀው ተይዘው ያውቁ እንደሆነ ጭምር ነው። የተሰረዘም፣ የተዘጋም ይጻፋል። አሠሪ ጋ በሕጋዊ መንገድ «አይ» ያሉት ነገር እዚህ «አዎ» ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ፎርሞች በአንድ ዓይን አይዩአቸው። ዜግነት የሌለው ሰው ኬዝ ካለበት ደግሞ «ጊልቲ» ከማለቱ በፊት ጠበቃውን «ኢሚግሬሽኔ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ የመባረር አደጋ ካለ ለደንበኛው መንገር እንዳለበት ወስኗል። መንግሥት የመደበው ጠበቃም ቢሆን ይህ ግዴታ አለበት።

ኢትዮጵያ እያለሁ ታስሬ ነበር። እሱስ ይጻፋል?

በዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የታፈሰው፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካምፕ የገባው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ከርሞ የተለቀቀው ብዙ ነው።

ለሥራ ፎርም መልሱ ከላይ ያልኩት ነው። «ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ከተባሉና ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካላለዎት መልሱ «አይ» ነው። ጣቢያ መክረም ፍርድ አይደለም። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ከተፈረደብዎት ግን ጥያቄውን ልብ ይበሉ። «በየትኛውም አገር» ወይም «በየትኛውም ፍርድ ቤት» የሚል ከሆነ ይቆጠራል።

ቪዛ ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ ሆነው ለትምህርት ሲያመለክቱ የሚሞሉት ዲኤስ-160 የሚጠይቀው ተይዘው ወይም ተፈርዶብዎት ያውቁ እንደሆነ ነው፤ ይቅርታ ወይም ምሕረት ተደርጎልዎት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ በ2010 ዓ.ም. በምሕረት አዋጁ ጉዳዩ የተዘጋለት ሰውም መጻፍ አለበት። በፖለቲካ ምክንያት መታሰር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ እንዴት እንደተለቀቁ በግልጽ ይጻፉ። ጥገኝነት ጠይቀው ከነበረ ደግሞ እዚያ የተናገሩትና እዚህ የሚጽፉት መስማማት አለበት። መደበቁ ነው የሚጎዳው።

ልጄ ኮሌጅ ሊያመለክት ነው። በ16 ዓመቱ ተይዞ ነበር። ዕድሉ ተዘጋ?

እማማ፣ አልተዘጋም። ተረጋግተው ያንብቡ።

በመጀመሪያ፣ በወጣቶች ፍርድ ቤት የታየ ጉዳይ በአብዛኛው ስቴት ሕግ «የወንጀል ፍርድ» አይባልም። ጥያቄው ስለ ፍርድ ከሆነ ልጁ «አይ» ማለት ይችላል። እንደ አዋቂ ተከሶ ከነበረ ግን ጠበቃ ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ በጣም ብዙ ልጆች የሚያመለክቱበት ኮመን አፕ ከ2006 ጀምሮ ይጠይቅ የነበረውን የወንጀል ጥያቄ ከ2019–20 ወዲህ ከጋራ ፎርሙ አንሥቶታል። ከ2021–22 ጀምሮ ደግሞ የትምህርት ቤት ቅጣትንም መጠየቅ ትቷል። አንዳንድ ኮሌጆች ግን በራሳቸው ተጨማሪ ገጽ ላይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮሌጅ ገጽ ለየብቻ ይዩ።

ሦስተኛ፣ ሕግ አለ። ሉዊዚያና በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿን በመጀመሪያው አፕሊኬሽን ላይ እንዳይጠይቁ ከለከለች፤ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ነች። የሜሪላንድ ምክር ቤት ሕጉን በ2017 አጽድቆ አገረ ገዢው ሲቃወሙት በጃንዋሪ 2018 ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸናው። ዋሽንግተን ስቴት በዚያው ዓመት ተከተለች። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጁ በኋላ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሪከርድ አለ ብሎ ብቻ ግን በጅምላ መከልከል አይችልም።

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርዎት። ሱኒ የሚባለው የኒው ዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 64 ካምፓስ አለው። በ2015 የወጣ ጥናት አፕሊኬሽኑ ላይ ፌሎኒ አለብኝ ብለው ምልክት ያደረጉትን አመልካቾች ተከታተለ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ማመልከቻውን ሳይጨርሱ ተዉት። ከሌሎቹ አመልካቾች ያልጨረሱት ከአምስት አንድ ገደማ ናቸው። በሪከርዱ ምክንያት ኮሌጁ አንድ ሰው ሲከለክል፣ 15 ሰዎች ራሳቸው መንገድ ላይ ቀሩ። ተጨማሪ ወረቀት አምጡ፣ ከእስር ቤት ደብዳቤ አምጡ፣ ኮሚቴ ፊት ቅረቡ ሲባሉ ተስፋ ቆረጡ። ሱኒ ይህን ካየ በኋላ በ2016 ጥያቄውን ከማመልከቻው ለማንሣት ወሰነ። ልጅዎ ተጨማሪ ወረቀት አምጣ ከተባለ ያምጣ። አብረውት ይቀመጡና ያስጨርሱት።

የዕፅ ኬዝ ካለበት ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ) ይከለከላል?

አይከለከልም። ድሮ ነበር። ከ2021–22 የትምህርት ዓመት ጀምሮ የዕፅ ፍርድ የፌዴራል የትምህርት ርዳታ አያስከለክልም። ጥያቄውም በ2023–24 ከፎርሙ ወጥቷል። እስር ቤት ያሉ ሰዎችም ከ1994 ጀምሮ ተከልክለው የነበረውን ፔል ግራንት የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ከጁላይ 2023 ጀምሮ እንደገና ማግኘት ይችላሉ።

ነርሲንግ ልማር ነው፤ ወይም ኤርፖርት ልሠራ ነው። እነዚህ ሕጎች ይሠራሉ?

እዚህ ይጠንቀቁ። ኮሌጁ ቢቀበልዎትም ሆስፒታል ለልምምድ ሲላኩ ባክግራውንድ ቼክ አለ። ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድም ይጠይቃል። ቨርጂኒያ «ባሪየር ክራይምስ» የሚባል ዝርዝር አላት። በዚያ ዝርዝር የተፈረደበት ሰው በአረጋውያን መጦሪያ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ወይም በሕፃናት ማቆያ እንዳይቀጠር ሕጉ ራሱ ያግዳል። በደለስም ሆነ በሬገን ኤርፖርት የውስጥ ባጅ ለማግኘት አሻራ ይወሰዳል፤ ባለፉት 10 ዓመታት በተዘረዘሩት ወንጀሎች የተፈረደበት አያገኝም። ስለዚህ የትምህርት ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ቦርዱን ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ተበድሮ፣ መጨረሻ ላይ ፈቃድ መከልከል ከባድ ነው።

ሕጉን ጥሰው ቢጠይቁኝ ወይም ቢከለክሉኝ የት ልሂድ?

ማስረጃ ይያዙ። የአፕሊኬሽኑን ገጽ ፎቶ ያንሡ፣ ኢሜይሉን ያስቀምጡ፣ ያናገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ።

ዲሲ ከሆነ የዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ነው፤ አቤቱታው በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። በሪከርዱ ምክንያት ሥራው ከተነሣብዎት አሠሪው ያየውን ሰነድ ኮፒ በ30 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላሉ። ሜሪላንድ ከሆነ የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሞንትጎመሪ ከሆነ የካውንቲው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ ይቀበላል። የዘር አድልዎ ነው ብለው ካመኑ ኢኢኦሲ አለ። ቀነ ገደቡ 180 ቀን ነው፤ የራሳቸው ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባላቸው ቦታዎች ደግሞ 300 ቀን።

አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት። አማርኛም ውስጡ አለ፤ አስተርጓሚ በነፃ እንዲመደብልዎት ይጠይቁ።